የባለቀለም መስተዋት ሥራ ዋጋ በምን ይለካ?

በዚህ ሳምንታዊ ጽሑፍ ስለ ቡና፥ ስለ ቆዳ፥ ስለ ሲሚንቶና ስለ ጨርቃ ጨርቅ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ስለ ባለቀለም መስተዋት ግን እምብዛም አይነሣም፤ ምናልባት ገበያው አነስተኛ፥ ባለሙያዎቹም ጥቂቶች ስለ ሆኑ ይሆናል። ይሁን እንጂ እኔ በገዛ እጄ የጻፍሁት አንድ የዋጋ ማቅረቢያ ደብዳቤ ያስከተለውን ኪሳራ ካየሁ ወዲህ፥ ነገሩ የመስተዋት ነጋዴን ብቻ የሚመለከት አለመሆኑን ተረድቻለሁ። ጥሬ ዕቃውን ከውጭ አገር አስመጥቶ በእጅ ሥራ አስጨርሶ የሚሸጥ ሁሉ፥ ሥራው የእንጨትም ሆነ የወርቅ ወይም የልብስ ስፌት፥ በዚሁ መንገድ ሊሳሳት ይችላል። አሠሪዬም ስማቸውና የድርጅታቸው ስም እንዳይጠቀስ ብቻ አሳስበው ነገሩን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

የምሠራበት ቤት የሕንፃ ዕቃ አስመጪ ነው። የመስኮት መስተዋት፥ ማጠፊያ፥ ቁልፍ፥ ቀለምና ስቱኮ እንሸጣለን። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል የባለቀለም መስተዋት ሥራ ተከፍቶ ነበር፤ ሠራተኞቹ አንድ ዋና ባለሙያና ሁለት ረዳቶች ናቸው። የእኔ ሥራ ደብዳቤ መጻፍ፥ ፕሮፎርማ ማዘጋጀትና ከባንክና ከጉምሩክ ጋር የሚደረገውን የወረቀት ሥራ መከታተል ነው። መስተዋት ቆርጬ አላውቅም። ስሕተቱም የመጣው ከዚሁ ነው።

በግንቦት ወር 2016 ዓ.ም. የአንድ ደብር የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ አባሎች ወደ ቢሮአችን መጡ። የፈለጉት ስድስት መስኮት ሲሆን እያንዳንዱ ከሞላ ጎደል አንድ ካሬ ሜትር ይሆናል። አምስቱ ሥዕል የሌለባቸው፥ በአራት ማዕዘን ቁራጭ ብቻ የሚሠሩ ናቸው። ስድስተኛው ግን ከዋናው በር በላይ የሚቆም የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ነበር። ንድፉ ገና አልተዘጋጀም፤ በእጃቸው የያዙት የመስኮቶቹን ወርድና ቁመት የጻፉበትን ወረቀት ብቻ ነው። እኔም ካሬ ሜትሩን ደምሬ፥ ከዚያ በፊት ተራውን መስኮት በሸጥንበት ዋጋ አባዝቼ ደብዳቤውን ጻፍሁ። አሠሪዬ ፈረሙ፤ ማኅተም ተደረገበት፤ ሠላሳ በመቶ ቀብድ ተቀበልን። ደብዳቤው እስከ ስንት ቀን እንደሚጸና የሚገልጽ አንድም ቃል አልነበረበትም።

ሥራው እንዴት እንደሚከናወን የማያውቅ አንባቢ ሊኖር ስለሚችል በአጭሩ ልግለጸው። በመጀመሪያ ንድፉ በመስኮቱ ልክ በወረቀት ላይ ይሣላል፤ እያንዳንዱም ቁራጭ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ መስተዋቱ በየቀለሙ ይቆረጣል፤ ጠርዙ ይሞረዳል። ፊት፥ እጅና የልብስ እጥፋት ካለበት፥ ከብረት ኦክሳይድና ከተፈጨ መስተዋት በተዘጋጀ ቀለም ይሣልና በምድጃ ውስጥ በ650 ዲግሪ ገደማ ይተኮሳል። ቁራጮቹ ከዚህ በኋላ በሁለት ጎኑ ቦይ ባለው የእርሳስ ዘንግ አንድ በአንድ ይያያዛሉ፤ ዘንግና ዘንግ የሚገናኝበት ቦታ ሁሉ በፊትም በጀርባም በካውያ ይበየዳል። መበየጃው የቆርቆሮና የእርሳስ ድብልቅ ነው፤ ቆርቆሮ ስል የቤት ክዳኑን ሳይሆን ማዕድኑን ነው። ከስድሳ እጅ ቆርቆሮና ከአርባ እጅ እርሳስ የተሠራው ድብልቅ በ190 ዲግሪ ገደማ ሲቀልጥ፥ እርሳሱ ብቻውን 327 ዲግሪ ይፈልጋል። የካውያው ጫፍ ግን ከሁለቱም በላይ የጋለ ስለሆነ፥ የሠራተኛው እጅ ጥቂት ቢዘገይ ዘንጉ ራሱ ቀልጦ ይወርዳል። በመጨረሻም ከጠመኔ ዱቄት፥ ከተልባ ዘይትና ከጥላሸት የተለወሰ ስቱኮ በእርሳሱና በመስተዋቱ መካከል ይሞላል፤ ዝናብ የሚከላከለውና መስኮቱን የሚያጠነክረው ይህ ነው።

አሁን ወደ ቍጥሩ እንምጣ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነው ተራ መስኮት በወርዱ 5፥ በቁመቱ 8 ቦታ ተከፍሎ 40 ቁራጭ ይወጣዋል። በውስጡ 4 የቁመትና 7 የአግድም መስመር ስላለው 11 ሜትር፥ ለዙሪያው 4 ሜትር፥ በድምሩ 15 ሜትር የእርሳስ ዘንግ ይፈጃል። መጋጠሚያው በውስጥ 28፥ በዳር 22፥ በማዕዘን 4፥ በጠቅላላው 54 ነው፤ በሁለቱም ፊት ስለሚበየድ 108 ይሆናል። ቁራጮቹ ሁሉ አንድ ልክ ስለሆኑ በማስመሪያ ይቆረጣሉ፤ ረዳቱም ሊቆርጣቸው ይችላል። ባለሙያችን ይህን መስኮት በ20 ሰዓት ይጨርሰዋል።

የቅዱስ ጊዮርጊስ መስኮትም አንድ ካሬ ሜትር ነው። ንድፉ በመጀመሪያ ሲቀርብ 220 ቁራጭ ነበረው። ኮሚቴው ግን ንድፉን ካየ በኋላ ብሩታዊት ከነዛፏ እንድትገባ ጠየቀ። እውነቱን ለመናገር ያለ እርሷ ሥዕሉ ጎደሎ ስለሚመስል፥ እኛም የዋጋ ነገር ሳናነሣ ደስ ብሎን ተቀበልን። ቁራጩ 260 ደረሰ። እርሳሱ 38 ሜትር ሆነ። መጋጠሚያው 500 ያህል፥ በሁለቱ ፊት 1,000 ብየዳ ማለት ነው። ከዚህም ሁሉ የሚያስቸግሩት ትልልቆቹ አይደሉም። የጦሩ ዘንግ፥ የፈረሱ ልጓምና የዘንዶው ጥፍር እንደ ክር የቀጠኑ ስለሆኑ፥ መቁረጫው ካለፈባቸው በኋላ ሲለያዩ ይሰበራሉ። ወደ ውስጥ የጎበጠ መስመር ደግሞ በአንድ ጊዜ አይወጣም፤ ጥቂት በጥቂት እየተቆነጠረ ነው የሚቀረጸው። ሥራው 130 ሰዓት ፈጀ።

ባለሙያው ይህን ሁሉ ሰዓት ሲሠራ አንድ ቀን እንኳ ቅሬታ አላሰማም። መስኮቱን ጨርሶ ስቱኮው ሲደርቅ ግን አንዲት የተጨማደደች ደብተር ይዞ ወደ ጠረጴዛዬ መጣና፥ «እትዬ፥ እናንተ መስኮቱን የሸጣችሁት በካሬ ነው፤ እኔ ግን የምቆርጠው በፍሬ ነው» አለኝ። ደብተሯን ከፍቼ ብመለከት የየቀኑ ሰዓት በእርሳስ ተጽፎባታል። የተዋዋልነው ለመስኮቱ በቁርጥ ነበር፤ ቁርጡም የተሰላው እንደ ተራው መስኮት በ20 ሰዓት ነው። እንግዲህ 110 ሰዓት፥ ማለት በቀን ስምንት ሰዓት ቢሠራ አሥራ አራት ቀን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ፥ ዋጋ ያልተቈረጠለት ሥራ ሠርቷል ማለት ነው።

ይህን ለአሠሪዬ ከማቅረቤ በፊት ሒሳቡን እንደገና ሠራሁት። እውነተኛውን ዋጋ በጋዜጣ ማውጣት ስለማይገባ፥ ለማስረዳት ያህል የተራው መስኮት መሸጫ 100 ብር ነው እንበል። ከዚህ ውስጥ 50 ብሩ የዕቃ፥ 30 ብሩ የ20 ሰዓት የእጅ ዋጋ፥ 10 ብሩ የኪራይ፥ የመብራት፥ የመሣሪያ እርጅናና የመሰለው ወጪ፥ 10 ብሩ ትርፍ ነው። የጊዮርጊስ መስኮት ብዙ እርሳስ፥ ብዙ መበየጃና ብዙ ብክነት ስላለበት ዕቃው 75 ብር ይደርሳል። ሰዓቱ በአንድ ብር ከሃምሳ ሲታሰብ የእጅ ዋጋው 195 ብር ይሆናል። ኪራዩና መብራቱስ? ብዙ ነጋዴ ይህን ወጪ በዕቃው ዋጋ ላይ ይደለድለዋል፤ እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር። ነገር ግን ክፍሏ የምትያዘው፥ አምፑሉም የሚበራው በሰዓት ልክ እንጂ በመስተዋቱ ዋጋ ልክ አይደለም። ስለዚህ የ20 ሰዓቱ 10 ብር በ130 ሰዓት 65 ብር ይሆናል። ሦስቱ ሲደመሩ 335 ብር ነው፤ በተራው መስኮት ልክ ትርፍ ሲጨመርበት 372 ብር ገደማ ይደርሳል። እኛ የሸጥነው በ100 ብር ነው። ትርፉን ብንተወው እንኳ የዕቃውንና የእጁን ዋጋ አልመለሰም።

በዚህ ላይ የውጭ ምንዛሪው ነገር ተጨመረ። ለጊዮርጊስ መጎናጸፊያ የሚሆነው ቀይ መስተዋት በመጋዘናችን ስላልነበረ ከውጭ መምጣት ነበረበት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ብሔራዊ ባንክ በፈቀደ ጊዜ የእኛ ወረቀት ገና በባንክ ነበረ። ከዚያ ቀን በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ መድረሱን የዚህ ጽሑፍ አንባቢ ሁሉ በየንግዱ አይቶታል። ቀረጡም፥ ተጨማሪ እሴት ታክሱም የሚሰላው ዕቃው እዚህ በደረሰበት የብር ዋጋ ላይ ስለሆነ አብሮ ወጣ።

ቀይ መስተዋት በመሠረቱም ውድ ነው። የመስተዋት ቀለም የሚገኘው በማቅለጫው ውስጥ ከሚጨመረው ማዕድን ነው፤ ሰማያዊው ከኮባልት፥ አረንጓዴው ከብረት፥ ከመዳብ ወይም ከክሮሚየም ይወጣል። ብርቱካንማውና ደማቁ ቀይ ሴሌኒየምና ካድሚየም ሲፈልግ፥ ወደ ሮዝ የሚያደላው ክቡር ቀይ ደግሞ በአሲድ የሟሟ ወርቅ ይገባበታል። ፋብሪካዎችም ቀለሞቹን በዋጋ ደረጃ ከፍለው ይሸጣሉ፤ ቀዩና ሮዙ ከላይ ናቸው። አሠራሩም ሌላ የዋጋ ልዩነት ያመጣል። ቫልድዛሰን በምትባለው የጀርመን ከተማ ያለው የላምበርትስ ፋብሪካ የታወቀው በአፍ በሚነፋ መስተዋት ነው፤ መስተዋቱ እንደ በርሜል ተነፍቶ፥ በቁመቱ ተሰንጥቆ፥ እንደገና በእሳት ተዘርግቶ ነው ሰሌዳ የሚሆነው። በማሽን ተዳምጦ የሚወጣው ከዚህ እጅግ ይረክሳል። ገዢው «ሰማያዊ መስተዋት» ብሎ ብቻ ሲያዝዝ ከሁለቱ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ሳይጠይቁ ዋጋ መንገር ሌላው የእኔ ቢጤ ስሕተት ነው።

የአቅራቢዎቹም ቍጥር እየበዛ የሚሄድ አይደለም። በአሜሪካ አገር ዋሽንግተን በሚባለው ግዛት የነበረው ስፔክትረም የተባለው ትልቅ የመስተዋት ፋብሪካ በ2008 ዓ.ም.፥ በአውሮጳ አቆጣጠር በ2016፥ ሥራውን አቁሟል። በእጅ የሚሠራ መስተዋት ጥበብም በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከሚጠበቁ የሰው ልጅ ቅርሶች መካከል መዝግቦታል፤ ጀርመን፥ ፈረንሳይ፥ ቼክ፥ ፊንላንድ፥ ሀንጋሪና ስፔን በአንድነት ያቀረቡት ነው። ለባለሙያው ክብር ነው፤ ለአስመጪው ግን አንድ ሙያ በቅርስ መዝገብ ሲገባ ዋጋው ይረክሳል ተብሎ እንደማይጠበቅ ማስታወቂያ ይመስለኛል።

ስለ ብክነቱም አንድ ነገር ልበል። መስተዋት የሚገዛው በሰሌዳ፥ የሚሸጠው በቅርጽ ነው። ቀጥታ ቁራጭ ለሚበዛበት ሥራ ከሚያስፈልገው አንድ አራተኛ ያህል አስበልጦ መግዛት ሲገባ፥ ጠመዝማዛ ለሚበዛበት እስከ ግማሽ ይጨመራል። ቅሪቱ ለሌላ ሥራ ይጠቅማል የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን የእኛ ቅሪት በሣጥን ተሞልቶ ሦስት ዓመት ቆይቷል፤ በሣጥን የተቀመጠ ቀይ ስባሪም የታሰረ የውጭ ምንዛሪ ነው።

ወደ ኮሚቴው ልመለስ። የቀዩን መስተዋት የዋጋ ጭማሪ ስንጠይቃቸው በመጀመሪያ ተቃወሙ፤ ደብዳቤው የሚጸናበት ቀን ስላልተወሰነ መብታቸው ነበር። ነገር ግን የአቅራቢውን ፋክቱር፥ የባንኩን ደረሰኝና የጉምሩኩን ወረቀት አያይዘን ስናቀርብ፥ ሰብሳቢያቸው ተመልክተው ልዩነቱን ከፈሉ። የ110ሩን ሰዓት ነገር ስናነሣ ግን፥ «ይህስ በምን ይታያል?» አሉን። መልስ አልነበረንም። የዕቃ ዋጋ ሲወጣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይከተለዋል፤ የሰው ድካም ሲበዛ ግን ምስክሩ ከሥራ በኋላ የቀረበች አንዲት ደብተር ብቻ ሆነች። ኮሚቴውን አልወቅስም፤ የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ የምእመናን ሣንቲም ስለሆነ ያለ ማስረጃ ሊወጣ አይገባም።

አሠሪዬም በመጀመሪያ «የተዋዋልነው በቁርጥ ነው» አሉ። እኔ ግን ቁርጡን ያወጣሁት ንድፉን ሳላይ መሆኑን፥ ብሩታዊትንም የተቀበልነው እኛ እንጂ ባለሙያው አለመሆኑን አስረዳኋቸው። አሳቤን ለመቀበል ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። በመጨረሻ ከ110 ሰዓት የ60ውን ከፈሉት፤ 50ው በባለሙያው ላይ ቀረ። ተቀብሎ አመስግኖ ሄደ። ከሁለት ወር በኋላ ግን የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚገጥም ድርጅት በቀን ሒሳብ ስለቀጠረው ከእኛ ተሰናበተ። የጊዮርጊስን ፊት የሣለ እጅ ዛሬ የአሉሚኒየም ክፈፍ በብሎን ያጠብቃል። የእኛም ክፍል አምስት ወር ተዘግታ ቆየች፤ ረዳቶቹ ተራውን መስኮት እንጂ ሥዕል መሥራት አልቻሉምና።

በዚህ ጊዜ ነው ሌሎች አገሮች ይህን ነገር እንዴት እንደያዙት ለማወቅ ያነበብሁት። በእንግሊዝ አገር በዌስትሚንስተር ቤተ መንግሥት የቅዱስ እስጢፋኖስ ጸሎት ቤት መስኮቶች እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1351ና በ1352 ሲሠሩ የተጻፈ የሒሳብ መዝገብ አለ። በዚያ መዝገብ ንድፍ የሚነድፉት መምህራን በቀን 12 ፔኒ፥ በመስተዋቱ ላይ የሚሥሉት 7 ፔኒ፥ የሚቆርጡትና የሚገጣጥሙት 6 ፔኒ ይከፈላቸው ነበር። ከስድስት መቶ ሰባ ዓመት በፊት የነበረ ጸሐፊ የሥራውን ዓይነት በሦስት ለይቶ ቀኑን ሲመዘግብ፥ እኔ ኮምፒዩተር በጠረጴዛዬ ላይ እያለ ሁሉን በካሬ ሜትር ጠቅልዬ መጻፌ አሳፈረኝ። በአሜሪካም ቲፋኒ በተባለው የታወቀ ድርጅት ከሚሠሩት የመብራት ክዳኖች መካከል ዊስተሪያ የሚባለው ሁለት ሺህ ያህል ቁራጭ ነበረው። እነዚህ በእርሳስ ዘንግ ፈንታ በስስ የመዳብ ጥብጣብ እየተጠቀለሉ የሚበየዱ ናቸው። እንዲህ ያለውን ክዳን በካሬ ልሽጥ የሚል ሰው ቢኖር ቤቱን በአንድ ዓመት በዘጋ ነበር።

በዋጋው ውስጥ ሊገቡ ሲገባቸው የሚረሱ ሌሎች ወጪዎችም አሉ። ምድጃው ሥዕል በሚተኩስበት ጊዜ መብራት ቢጠፋ ያ ሁሉ ቁራጭ ተበላሽቶ እንደ ገና ሊሠራ ይችላል። የተሠራው መስኮት ሲጓጓዝ ተጋድሞ ሳይሆን ቆሞ መሄድ አለበት፤ በኮረኮንች መንገድ ደግሞ ለእርሱ ብቻ የእንጨት ሣጥን ይሠራለታል። ነፋስ እንዳይገፋው ከጀርባው የሚታሰረው የብረት ዘንግም፥ ወጥቶ የሚገጥመው ሰው አበልም አለ። ከሁሉ ይልቅ ቸል የሚባለው ግን የእርሳስ መርዝነት ነው። የብየዳ ጭስና የእርሳስ ብናኝ ወደ ሰውነት ሲገባ ቀስ በቀስ ደምንና አእምሮን ይጎዳል። በአገራችን ለእንዲህ ያለ ሠራተኛ ወተት መስጠት ልማድ ነው፤ ደግ ልማድ ነው፥ ግን ወተት ጭስ አያወጣም። አየር የሚያወጣ ማራገቢያ፥ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፥ የእጅ መታጠቢያና ለምሳ የተለየ ቦታ ያስፈልጋል። እኛ ለእነዚህ አንድ ሣንቲም በዋጋው ውስጥ አላስገባንም ነበር፤ ስለዚህ ሳይገዙ ቆዩ።

አንዳንድ ነጋዴዎች ይህን ሁሉ ብንቆጥር ገዢ አይገኝም ይሉ ይሆናል። ዛሬ በተራ መስተዋት ላይ የሚለጠፍ ባለሥዕል ስቲከር በጥቂት ዋጋ እንደሚገኝ እኔም አውቃለሁ፤ እኛው ራሳችን እንሸጠዋለን። ነገር ግን ሁለቱ አንድ ዕቃ አይደሉም። የስቲከሩ ቀለም በላዩ የተቀባ ስለሆነ ፀሐይ ያደበዝዘዋል፤ የባለቀለም መስተዋት ቀለም ግን ከመስተዋቱ ጋር አብሮ የቀለጠ ነው። ገንዘብ ላነሰው ስቲከሩን በስሙ ጠርቶ መሸጥ ነውር የለበትም። ነውሩ እውነተኛውን መስኮት በስቲከሩ ዋጋ አካባቢ ለመሸጥ ብለን ልዩነቱን ከባለሙያው ጉልበት ላይ ስንቀንስ ነው።

ትልቁ ምሳሌ በከተማችን መካከል ቆሟል። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው የአፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል በሦስት የተከፈለ ሆኖ 150 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። ንድፉ የኢትዮጵያዊ ሠዓሊ ሲሆን መስተዋቱ የተሠራው በፈረንሳይ አገር ነው። አዳራሹም ከብዙ ዓመት በኋላ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ መስኮቶቹ አብረው ታድሰዋል። ሐሳቡ ከእኛ ወጥቶ የእጅ ሥራው ዋጋ ወደ ውጭ የሄደበትን ምክንያት ሳስብ፥ በዚያን ጊዜ በዚህ አገር እንዲህ ያለ ሰፊ ሥራ የሚሸከም የሥራ ቤት ስላልነበረ ይመስለኛል። ዛሬስ ያሉት ጥቂት እጆች ወደ አሉሚኒየም እየሄዱ ሳለ ነገ ከማን ልንገዛ ነው?

በእኛ ቤት ከዚያ ወዲህ የተለወጠውን ላንሣ። የዋጋ ማቅረቢያው ንድፍ ካልተያያዘበት አልጽፍም፤ ንድፍ ለሌለው ገዢ የንድፍ ዋጋ ለብቻው ይጠየቃል፥ ሥራውን ካዘዘ ይታሰብለታል። በወረቀቱ ላይ ከካሬ ሜትሩ ቀጥሎ የቁራጩ ቍጥር ይጻፋል። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ በዶላር ተጽፎ፥ በክፍያው ቀን በሚኖረው ምንዛሪ እንደሚሰላ ይገለጻል፤ ደብዳቤውም የሚጸናው ለ15 ቀን ነው። ቀብዱ ቢያንስ የዕቃውን ዋጋ የሚሸፍን ሆኗል። ከውሉ በኋላ የሚጨመር እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ ዋጋ አለው። የሰዓት ደብተሩም ከባለሙያው ኪስ ወጥቶ በግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የኮሚቴ ሰው ሲመጣ አንብቦ ይፈርምበታል። አሠሪዬ ይህን የመጨረሻውን «ጓዳን ለእንግዳ መክፈት ነው» ብለው አልወደዱትም ነበር። አሁን ግን ዝም ብለዋል።

ባለፈው ወር የሌላ ደብር ኮሚቴ መጥቶ አንድ የእመቤታችን መስኮት ጠየቀ። ንድፉ ተሠርቶ ሲቆጠር 310 ቁራጭ ሆነ፤ ዋጋውን ሲሰሙ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔም እንደ ቀድሞው ዋጋውን ከመቀነስ ይልቅ ንድፉን አውጥቼ ከፊታቸው ዘረጋሁትና፥ በዳርና ዳር ያለውን ጥልፍ በሰፋፊ ቁራጭ ብንተካው 184 እንደሚሆን አሳየኋቸው። የሥዕሉ ፊትና እጅ አልተነካም። ሰዓቱና ዋጋው ሲወርድ በዓይናቸው አዩ፤ ለካህናቱና ለምእመናኑ ነግረው ሊመለሱ ሄደዋል። የደብዳቤው 15 ቀን የሚያልቀው በመጪው ዓርብ ነው። ለቀድሞው ባለሙያችንም ስልክ ደውዬለት፥ ሥራው ከጸና ከአሉሚኒየሙ ሲወጣ ከማታው 12 ሰዓት ጀምሮ በሰዓት ሒሳብ ሊመጣ ተስማምቷል። መጀመሪያ የጠየቀኝ ግን ስለ ክፍያው አልነበረም፤ ማራገቢያው ተገዝቶ እንደሆነ ነው። ተገዝቷል።